መንደር እየዞረ ሲነድፍ የኖረው ሆላንዳዊ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ፣ በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ የመጡልኝ ደብዳቤዎች ሁሉም ስለ ንድፍ ሆኑና እኔም 30 ዓመት ድራፍቲንግ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ደስ ብሎኝ የሌላውን ጥያቄ ለሚቀጥለው እትም አሳድሬ እነዚህን ብቻ ይዤ ተቀመጥኩ፣ የቀራችሁ ቅር እንዳይላችሁ።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን

«ጋሼ እንደምን ከረሙ? እኔ ኮንስትራክሽን ድርጅት ውስጥ ድራፍትማን ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ አውቶካድ (የኮምፒውተር መንደፊያ ፕሮግራም) ላይ ነው የምውለው። ባለፈው ስልኬ ላይ አንድ በግራጫ ቀለም የተነደፈ የገጠር ቤተክርስቲያን አየሁ፣ ዛፉ፣ አጥሩ፣ ግማሹ የፈረሰ ግድግዳ ሳይቀር አለ። ኮርኔሊስ ፕሮንክ የሚባል የሆላንድ ሰው ነው የሠራው ይላል፣ ሙያው ደግሞ የቶፖግራፊ ነዳፊ። ይሄ ምን ዓይነት ሥራ ነው? ሰርቬየር ነው ወይስ ሰዓሊ? ደሞስ ሰው እንዲህ መንደር ለመንደር እየዞረ ነድፎ እንጀራ ይበላል?»

መልስ፦ ልጄ፣ ይበላል፣ ፕሮንክ ደህና አድርጎ በልቷል። ግን ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

ሥራው ሰርቬየርም ሰዓሊም አይደለም፣ መሃል ላይ ነው። ቀያሹ መሬቱን ከላይ እንደ ጭልፊት ነው የሚያየው፣ ለክቶ ፕላን ያወጣል። ሰዓሊው ደግሞ ልቡ የወደደውን ይጨምራል፣ ሰማዩን ያቀላል፣ ዛፉን ከዚህ ነቅሎ እዚያ ይተክለዋል፣ ማንም አይከሰውም። የቶፖግራፊ ነዳፊ ግን መንገድ ዳር ቆሞ ወይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ከዛች ቦታ ላይ ዓይን የሚያየውን ነው ወረቀት ላይ የሚያወርደው፣ ያንን ቤተክርስቲያን፣ ያንን ድልድይ፣ ያንን የንፋስ ወፍጮ፣ በስም የሚታወቀውን እንጂ ማንኛውንም ቤተክርስቲያን አይደለም። ለዛም ነው ብዙ ጊዜ ንድፉ ላይ ወይ ጀርባው ላይ የቦታውን ስምና ዓመቱን ጽፈው የምታገኘው፣ አንዳንዴም ቦታው ላይ ሆኜ እያየሁ የነደፍኩት ነው ብለው ያሰፍራሉ። እንደ ምስክር ቃል ቁጠረው።

ፕሮንክ የተወለደው በፈረንጆቹ 1691 አምስተርዳም ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። እንግዲህ ያን ጊዜ ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነበሩ፣ እዚህ እኛ ጋ ደግሞ መንዝ ውስጥ ነጋሲ ክርስቶስ ኋላ ሸዋን የገዛውን ቤት እያቆሙ ነበር። ልጁ መጀመሪያ የተማረው የሰው ፊት መሳል ነው፣ አርኖልድ ቦነን የሚባል በዘመኑ የታወቀ የቁም ምስል ሰዓሊ ጋ ገብቶ ሠልጥኗል፣ አምስተርዳም በሀብታም ነጋዴ የተሞላች ከተማ ስለነበረች እሱን ይዞ ቢቀጥል የሚያስርበው አልነበረም። ሆኖም ቀስ በቀስ ፊቱን ትቶ ወደ ቦታ ዞረ፣ በ1759 እዛው አምስተርዳም እስኪሞት ድረስ ስሙ የሚነሳውም በዚሁ ነው።

ለዚህ ሕይወት ትልቁን በር የከፈተለት አንድሪስ ስሁማከር የሚባል የአምስተርዳም የጨርቅ ነጋዴ ነው። ይሄን ሰው እኔ በጣም ነው የምወደው። አቡጀዲ እየሸጠ የሚኖር ሰው የአገሩን ከተማና መንደር አንድ በአንድ፣ ታሪኩን፣ ቤተክርስቲያኑን፣ የመቃብር ድንጋዩን፣ የድሮ ገንዘቡን ሳይቀር በእጁ እየጻፈ ጥራዝ በጥራዝ ያስቀምጥ ነበር፣ ጥራዞቹ ዛሬ ዘ ሄግ ከተማ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አሉ። ራሱም ይነድፍ ነበር ግን እጁ ብዙም አልነበረም፣ ስለዚህ ፕሮንክንና የፕሮንክን ተማሪ አብርሃም ደ ሃንን ይዞ አብረው አገር ለአገር ይዞሩ ጀመር። ሦስት ሰው አስበው፣ ሽማግሌው ነጋዴ እየጠየቀ ይጽፋል፣ ሁለቱ ነዳፊዎች ደግሞ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይሠራሉ። ስሁማከር በ1735 እስኪሞት አልተወውም።

የሚወጡት በነሱ በጋ ነው፣ ማለት እኛ ጋ ክረምት ሆኖ ዝናብ ሲወርድ። ሜዳ ላይ በምትያዝ ትንሽ ደብተር ፈጥነው ያሰፍራሉ፣ ከዛ ብርዱና ጨለማው ሲመጣ አምስተርዳም ቤታቸው ተቀምጠው ያንን ትንሿን ንድፍ በትልቅ ወረቀት ላይ አሳምረው ለገዢ ያወጡታል።

አሁን አንተ ባለሙያ ስለሆንክ አሠራሩን ቀረብ አድርጌ ላሳይህ። መጀመሪያ በእርሳስ በጣም ስስ መስመር ይጥላል፣ ከዛ በላባ ብዕር ያንን መስመር ይከተለዋል፣ ከዛ ቀለሙን በውሃ አቅጥኖ በብሩሽ ጥላ ጥላውን ያለብሰዋል። ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳ ላይ ቀለም የሚባል አይነካም፣ ብርሃን ሆኖ የምታየው ራሱ ባዶው ወረቀት ነው። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አንድ ጊዜ ብሩሹን ሳብ ያደርግና ያችው አንዲት ግራጫ መስመር ጣሪያውን ከግድግዳው ወደ ውጭ ታወጣዋለች። እኔ ተማሪዎቼን ጥላ የት እንደሚወድቅ ለማስረዳት ስንት ዓመት ስደክም ኖሬያለሁ፣ የሱን አንድ ወረቀት ለግማሽ ሰዓት ማየት ከኔ የአንድ ወር ትምህርት ይበልጣል ብል አልዋሸሁም።

ያየኸው የፈረሰው ግድግዳ ደግሞ ፈጠራ አይደለም። ሆላንድ በ1500ዎቹ ማብቂያ ከካቶሊክ ወደ ፕሮቴስታንት ስትዞርና ከስፔን ጋር ስትዋጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተጎዱ፣ ብዙ ቦታ ምእመኑ የሚቆምበት በኩል ተጠግኖ የመቅደሱ በኩል ጣሪያ አልባ ሆኖ ቀረ፣ በሱ ዘመንም እንደዛው ቆሞ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አስቀያሚ ነው ብሎ በሌላ ጎን ዞሮ ይነድፈው ነበር፣ እሱ ግን ፍራሹንም፣ በጡብ የተደፈነውንም መስኮት እንዳለ አስገባው።

እንጀራውን በተመለከተ ሦስት መንገድ ነበረው። አንደኛው የቦታ ንድፍ የሚሰበስቡ ሀብታሞች ነበሩ፣ አገራቸውን በወረቀት ቤታቸው ማስገባት የሚወዱ። ሁለተኛው ኅትመት ነው፣ የሱም የተማሪዎቹም ንድፎች፣ በተለይ የያን ደ ባየር፣ መዳብ ላይ እየተቀረጹ ከ1745 እስከ 1774 ድረስ በተከታታይ በወጡ ጥራዞች ታትመው ተሸጠዋል፣ ማለት እሱ ከሞተ በኋላም ሥራው እየታተመ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ ማንም የማይጠብቀው ነው፣ ሸክላ! የሆላንድ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በ1734 ለ3 ዓመት በዓመት 1,200 ጊልደር ሊከፍለው ኮንትራት አስፈረመውና ፖርሲሊን ሳህን ላይ የሚወጣ ንድፍ እንዲሠራ አደረገው። የመጀመሪያው አንዲት ወይዘሮ ከኋላዋ ጃንጥላ ይዛላት የቆመች አገልጋይ ያለች፣ ፊት ለፊታቸው የውሃ ወፎች የሚንጎራደዱበት ነው። ንድፉ በመርከብ ወደ ባታቪያ፣ የዛሬዋ ጃካርታ ማለት ነው፣ ሄደና ከዛ ወደ ቻይናና ጃፓን ተላከ፣ ጃፓኖቹ ወይዘሮዋን የራሳቸው አገር ሴት አድርገው ሳሏት። የሚያሳዝነው ዋጋው ውድ ሆኖ ኩባንያው ስላላተረፈበት በ1740 ገደማ ተወው። በዓለም ሙዚየሞች ስሙ በብዛት የሚጠራው ግን በዚሁ በሳህኑ ነው፣ እኔን ብትጠይቀኝ ግን ሳህኑን ሁሉ ሰብስበህ ብታመጣልኝ ለአንዲት የገጠር ቤተክርስቲያን ንድፉ አልለውጥህም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። አንተ አውቶካድ ላይ የምትነድፈው ገና ያልተሠራ ቤት ነው፣ ነገ የሚመጣ። እሱ የነደፈው ዛሬ ያለውን ነው። ሁለቱም ድራፍቲንግ ነው፣ እኛ አገር ግን ትምህርት ቤት የምናስተምረው የመጀመሪያውን ብቻ ሆኖ ቀረ፣ እኔም ያስተማርኩት እሱን ብቻ ነው። ሥራዎቹን ማየት ከፈለግክ አምስተርዳም ያለው ራይክስሙዚየም ድረገጹ ላይ ብዙ አስቀምጧል፣ በነፃ በትልቁ አውርደህ አጉልተህ ማየት ትችላለህ፣ ስሙን በላቲን ፊደል ጻፍ እንጂ በአማርኛ አይመጣልህም።

ጥያቄ፣ ከአንኮበር

«ጋሼ እንደምን አሉልኝ፣ እኛ ቤተ መንግሥቱ ከነበረበት ተራራ ሥር ነው ያደግነው። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን አንኮበር የሳለ ፈረንጅ አለ ይባላል፣ እሱም ሆላንዳዊ ነው እንዴ?»

መልስ፦ እህት ዓለም፣ አለ፣ ግን ሆላንዳዊ ሳይሆን ጀርመን ነው፣ የባቫሪያ ሰው። ዮሐን ማርቲን በርናትዝ ይባላል፣ በ1802 የተወለደ። እንግሊዞች በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የሚመራ መልእክተኛ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲልኩ የቡድኑ ሰዓሊ ሆኖ ነው ከባሕር ዳርቻው ተነስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ አንኮበር የወጣው፣ እስከ 1843 ድረስ ቆይተዋል። የሠራቸው ሥዕሎች በ1852 ለንደን ላይ ታትመው ወጡ።

ልብ በይ፣ ያን ጊዜ የነበረው አንኮበር ዛሬ አንቺ የምታይው አይደለም፣ ኮረብታው ላይ በእንጨት አጥር ላይ የእንጨት አጥር ተደርቦ የታጠረ፣ ክብ ክብ የሳር ቤት ነበር። ቀጥሎ አጤ ምኒልክ የሠሩት መጣ፣ ቀጥሎ ከተማው ወደ እንጦጦና አዲስ አበባ ወረደ፣ አሁን ከዛ የቀረው ቁራጭ ግንብ ነው፣ እዛ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ሎጅም የቆመው በአሁን ዘመን ነው። ስለዚህ የሣህለ ሥላሴን ዘመን አንኮበር በዓይን ልይ ያለ ሰው ከበርናትዝ ሥዕል ማምለጫ የለውም። እኔ ግን አንድ ነገር ሁሌም ሆዴን ይበላዋል፣ እሱ እንግዳ ነው፣ ለእንግሊዝ መልእክተኛ ነው የሚሠራው፣ የሚገርመውንና አገሩ ሄዶ የሚያሳየውን ነው የመረጠው። ፕሮንክ የነደፈው የራሱን አገር ነው፣ ለራሱ አገር ሰው። ማንም የማይገረምበትን የጎረቤት ድልድይ ይነድፋል። የአንኮበርን የውሃ መውረጃ፣ የእህል ጎተራ፣ የእንጨት መስቀያ ሊነድፍ የሚችለው እዛው ያደገ ሰው ነው፣ እንዳንቺ ያለ።

ጥያቄ፣ ከመሐል ሜዳ

«ወንድማችን ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልህ። የማገለግልበት ደብር እስከ ዛሬ ክዳኑ የጓሳ ሳር ነው፣ አሁን ምእመኑ ገንዘብ አዋጥቶ ከፋሲካ በኋላ በቆርቆሮ ሊቀየር ነው። አንዳንድ ሽማግሌዎች መልኩ በንድፍ ይቀመጥ አሉ፣ ወጣቶቹ ደግሞ በስልክ ፎቶ አንስተናል ይበቃል ይላሉ። አንተ ምን ትላለህ?»

መልስ፦ አባቴ ይፍቱኝ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ቆርቆሮውን አይከልክሏቸው፣ ሳሩ በየጊዜው ይታደስ ማለት ምን ያህል ድካም እንደሆነ፣ ጓሳውም እንደ ድሮው ባሻው ጊዜ የሚታጨድ እንዳልሆነ እርስዎ ያውቁታል፣ ዝናብ መቅደስ ውስጥ እየገባ ታሪክ ነው አይባልም። ሽማግሌዎቹ ግን ልክ ናቸው።

የራሴን ልንገርዎት። እኔ ያደግኩበት ደብር፣ አባቴ በድቁና ያገለገለበት፣ ፈርሶ በአዲስ ተሠራ። ከዓመታት በኋላ ለአንድ ታቦት ንግሥ ሄጄ ዕድሞው ሥር ከእኩዮቼ ጋር ተቀምጠን ስለ ድሮው ስንጫወት የውጭው በረንዳ ምሰሶ ስንት ነበር የሚል ተነሳና አንዱ 20 አለ፣ አንዱ 24 አለ፣ እኔ ደግሞ 24 መሰለኝ ግን መማል አልቻልኩም። እየተሯሯጥን ያደግንበት ምሰሶ ነው፣ ድብብቆሽ የተጫወትንበት! ያን ያህል ዓመት እርሳስና ማስመሪያ እጄ ላይ እያለ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አልነደፍኩትም፣ ፎቶም ቢሆን ለሠርግ የተነሳ አንድ ነበር እሱም ሙሽሮቹ ጋርደውት ምሰሶው አይቆጠርም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሆላንዶቹ ጋ ደግሞ ከፕሮንክ ቀደም ብሎ ሮላንት ሮግማን የሚባል ወጣት ነበር። በ1646 እና 1647፣ ገና 20 ዓመት ሳይሞላውና እንደሞላው ማለት ነው፣ የሆላንድንና የዩትሬክትን አውራጃ እየዞረ ከ200 በላይ የግንብና የመኳንንት ቤት ንድፍ ሠራ። በ1672 የፈረንሳይ ጦር ገባ፣ በዛና በተከታዩ ዓመት ውስጥ ዩትሬክት አካባቢ ብዙ ግንብ ተቃጠለ፣ ሌላው ደግሞ ከዚያ ወዲህ በእርጅናና ባለቤት በማጣት ፈረሰ። ዛሬ ሃርለም ከተማ ቴይለርስ ሙዚየም የተቀመጡትን የሮግማንን ወረቀቶች ያየ ሰው ድንጋዩ ከሌለ ቤት ፊት ቆሞ መስኮቱን መቁጠር ይችላል።

ፎቶውን ያንሱት፣ አይተዉት፣ ግን አሳትማችሁ ደብሩ ዕቃ ቤት አስቀምጡት፣ ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል። ንድፉ የሚሠራው ፎቶ የማይሠራውን ነው። ፎቶ ላይ የጥዱ ዛፍ ጉልላቱን ከጋረደው ጋረደው ነው፣ ነዳፊ ግን ሁለት እርምጃ ዞር ብሎ ከቅርንጫፉ ጀርባ ያለውን አይቶ ያሰፍረዋል፣ ሳሩ ከማገሩ ጋር በምን ቋጠሮ እንደታሰረ ለብቻው አጉልቶ ጥግ ላይ ማስቀመጥ ይችላል።

ከልጆቹ መሃል እጁ ደህና የሆነ አንድ ይምረጡና በአራቱም ማዕዘን ያስቀምጡት፣ ከደጀ ሰላሙ በኩል፣ ከቤተ ልሔሙ በኩል፣ ሌላውንም እንዲሁ። ከግድግዳው ስንት እርምጃ ርቆ እንደተቀመጠ ይጻፍ። በሩን በሜትር ይለኩት፣ ከንድፉ ላይ ደግሞ በሩ አጠገብ አንድ ሰው ይቁም፣ ቁመቱ እንዲታወቅ። ምሰሶ ይቆጠር፣ መስኮት ይቆጠር፣ ጉልላቱ ላይ ያለው የሰጎን እንቁላል ስንት እንደሆነ ይቆጠር። የተጣመመ ግድግዳ ካለ እንደተጣመመ ይነደፍ፣ እንዳያቃናው አደራ ይበሉልኝ። ጀርባው ላይ የደብሩ ስም፣ ቀን፣ ዓመተ ምሕረት፣ የነደፈው ልጅ ስም። ብርዱ እንደሁ እጅ ያደነዝዛል፣ ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ እንዳይወጣ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ባናውን ትከሻው ላይ ጥሎ ይቀመጥ። ማስተካከያ የሚያስፈልገው ካለ ይላኩልኝ፣ እኔ አያለሁ። ካልሆነ ራሴ መሐል ሜዳ ድረስ እመጣለሁ፣ የምሬን ነው፣ ከፋሲካ በፊት ቀን ይቁረጡልኝ።

ጥያቄ፣ ከደብረ ሲና

«ሰላም ጋሼ፣ እኔ 12ኛ ክፍል ነኝ፣ እንደነዚህ ሰዎች በቀለም መንደፍ መጀመር እፈልጋለሁ። የቱን ቀለም ልጠቀም? ብዙ ብር የለኝም።»

መልስ፦ ጎበዝ። ብዙ ብር አያስፈልግህም። የድሮ ፈረንጆች ሁለት ዓይነት ቀለም ነበራቸው፣ አንዱ ከዛፍ እብጠትና ከብረት የሚሠራ ነው፣ እሱ ሲያረጅ ቡናማ ይሆናል አንዳንዴም ወረቀቱን ይበላዋል። ሌላው ከጥላሸት የሚሠራው ነው፣ ግራጫ ንድፎቹ የሚሠሩበት፣ እሱ አይለቅም። የኛ ደብተራና ጸሐፊዎችም ብራና ላይ የሚጽፉበት ጥቁር ቀለም መሠረቱ ያው ጥላሸት ነው፣ ስለዚህ አካባቢህ ቀለም የሚበጠብጥ መርጌታ ካለ ሄደህ ጠይቅ፣ በደስታ ያሳዩሃል። ካጣህ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ጥቁር የቻይና ቀለም በጠርሙስ ይሸጣል።

ወረቀቱ ወፍራም ይሁን፣ የደብተር ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል። ሦስት ሲኒ ደርድርና በእያንዳንዱ ውሃ አድርግ፣ አንደኛው ላይ አንድ ጠብታ፣ ሁለተኛው ላይ አራት፣ ሦስተኛው ላይ አሥር ጠብታ ቀለም ጨምር። ከቀጭኑ ጀምር፣ ሳይደርቅ በላዩ አትደርብ፣ ጣርማ በር በኩል ጉም ሲወርድ ለመድረቅ ሰዓት ይፈጃልና ቸኩለህ እንዳታበላሸው። የመጀመሪያ ንድፍህ ከቤትህ በር ላይ ቆመህ ፊት ለፊት የሚታይህ ይሁን፣ የጎረቤት ቤትም ቢሆን፣ ቀኑን ጻፍበትና ፎቶውን ላክልኝ፣ በሚቀጥለው እትም አወጣዋለሁ።